የአባቴ ሳጥንና ሁለተኛው ጊታር

ባለፈው ዓመት በከተማችን ፒያሳ ውስጥ፣ የእጅ ስልክ ከሚጠገንባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጠጋኙ ወጣት የብየዳ ሽቦውን በጋለ ብረት ጫፍ ነክቶ ሲያቀልጠው ቀጭን ነጭ ጢስ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣና፣ እንደ ጥድ ሙጫ ደስ የሚል፣ ግን ጉሮሮን የሚከረክር ያ የቀድሞ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወጣቱ ስልኬን ሲያቀብለኝ ምን እንዳለኝ አልሰማሁም፤ በዚያች ቅጽበት እኔ በታቦር ተራራ ተዳፋት ላይ በነበረችው ቤታችን፣ አባቴ ከመስኮቱ ሥር ባቆማት ጠረጴዛ አጠገብ ነበርሁ። ዕድሜዬን በመጻሕፍትና በማስተማር ያሳለፍሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ትዝታ ማስረጃ አይደለም እያልሁ ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬአለሁ። ስለዚህ የምጽፈውን ሁሉ አንባቢ እንደ ምስክርነት ቃል ሳይሆን፣ አንድ ሽታ እንደ ቀሰቀሰው ነገር አድርጎ ቢወስድልኝ እመርጣለሁ።

ያን ጊዜ የከተማችንን ስም አዋሳ ብለን እንጽፍ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም የልጅነት ድምፄ ገና ያልተለወጠ ተማሪ ነበርሁ። አባቴ አቶ ማርቆስ በወጣትነቱ ከወላይታ መጥቶ በከተማው ስልክ ቤት በቴክኒሻንነት የተቀጠረ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ እጁ ሥራ ሲፈታ የሚጨነቅ ሰው ነበር። እናቴ በሳሎናችን ማዕዘን የስፌት መኪናዋን አቁማ ለጎረቤት ልብስ ትሰፋ ነበር። ከእኔ በብዙ ዓመት የሚበልጠው ወንድሜ ኤልያስ በመልኩም በዝምታውም አባታችንን ይመስል ነበር፤ ሁለቱ ለመግባባት ያልቻሉትም ምናልባት በዚሁ መመሳሰል የተነሣ ይሆናል።

ከሠፈራችን ግርጌ የነበረው ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ በኋላ የቤታችን እሑድ ባዶ ሆነ። ከዚያ በፊት አባቴ በሰንበት ቀን ሚስማር እንኳ አይመታም ነበር፤ ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ፣ እኛን አስከትሎ ወርዶ፣ ዘምሮና ሰምቶ፣ ከቀትር በኋላ ተመልሶ ምሳውን በልቶ ይተኛ ነበር። በሩ ከታሸገ ወዲህ ግን በለመደው ሰዓት ተነሥቶ፣ ተላጭቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ የሚሄድበት እንደሌለ ገና ያን ጊዜ ያስታወሰ ይመስል ወንበሩ ላይ ቁጭ ይል ነበር። እናቴ ይህን ላለማየት ስትል እሑድ ጠዋት ከጓዳ አትወጣም ነበር።

ኤልያስ ጊታር የተማረው በዚያ ጸሎት ቤት ከመዘምራኑ ጋር ነበር፤ አብሮት የተማረውም ላሚሶ ነበር። ላሚሶ በከተማው ዙሪያ ካሉት የሲዳማ ገጠሮች ከአንዱ ለትምህርት መጥቶ፣ ከቤታችን ዝቅ ብላ በምትኖረው አክስቱ ዘንድ የተቀመጠ፣ ረጅም፣ ሳቁ ከራሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ልጅ ነበር። እግሩ ትልቅ በመሆኑ በከተማው ሱቆች ልኩ የሚሆን ጫማ ስለማይገኝ፣ ክረምት ከበጋ ከመኪና ጎማ በተሠራ በረባሶ ይሄድ ነበር። እናቴን «እማማ»፣ አባቴን «ጋሼ» ይላቸው ነበር፤ በምሳ ሰዓት ብቅ ብሎ «እኔ እንኳ በልቻለሁ፣ እግሬ ግን አልበላም» እያለ ሲቀመጥ፣ እናቴ ሳቋ እያመለጣት ሰሐኑን ታቀርብለት ነበር።

ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ ሁለቱም የከተማው የኪነት ቡድን ውስጥ ገቡ፤ ኤልያስ ዋናውን ጊታር፣ ላሚሶ ሁለተኛውን ይጫወቱ ጀመር። አባቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ነገር ግን ኤልያስ ጊታሩን ይዞ ሲገባ ፊቱን ወደ መስኮቱ ይመልስ ነበር፣ በአባትና በልጅ መካከል የሚያልፈው መልእክትም ሁሉ በእናቴ በኩል ማለፍ ጀመረ። እናቴ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። በዚያ ጊዜ የሠፈራችን ወጣቶች በቀበሌ እየተመለመሉ ወደ ጦር ግንባር ይላኩ ነበር፤ የኪነት ቡድኑ አባላት ግን በሙያቸው ያገለግላሉ ተብሎ ይታለፉ ነበር። ደንቡ በእርግጥ እንዲህ ይል እንደሆነ፣ ወይስ የአንድ ባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ብቻ እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። በቤታችን ግን እንደ ሕግ ይታመን ነበር፤ ኤልያስ ጊታሩን እስከያዘ ድረስ ቤቱ ያድራል፣ ከቡድኑ የወጣ ቀን ይሄዳል። እናቴ የእነዚያን ዘፈኖች ግጥም አትወድም ነበር፤ ነገር ግን ማታ ማታ ኤልያስ ከልምምድ ሲመለስ የጊታሩ ገመድ በመሬት ላይ ሲጎተት ስትሰማ፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ ትንፋሿን ትለቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ነገሩ አሳሳቢ ሆነ። ቡድኑ ከአንድ የፈረሰ የሆቴል ባንድ ሦስት የጊታር ፔዳሎች አግኝቶ ነበር፤ በእግር የሚረገጡ፣ ጡብ የሚያካክሉ የብረት ሳጥኖች ናቸው፤ አንደኛው የጊታሩን ድምፅ ያሻክራል፣ ሁለተኛው እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ያሰማል፣ ሦስተኛው ያንቀጠቅጠዋል። ዘፈኑ ከአዝማች ወደ ግጥም ሲሻገር ኤልያስ አንዱን አጥፍቶ ሁለቱን ማብራት ነበረበት፣ ለዚህም ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን ወዲህና ወዲያ እያዘዋወረ መርገጥ ነበረበት፤ እሱ እስኪጨርስ ዜማውን ተቀብሎ የሚይዘው ላሚሶ ነበር። ችግሩ የቡድኑ ኃላፊ ነበሩ። ጓድ በቀለ ቀድሞ የስፖርት መምህር ስለነበሩ፣ ሙዚቀኞቹ በሙሉ በአንድ መስመር ቆመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አቅንተው፣ ሁለት ወደ ቀኝ ሁለት ወደ ግራ እኩል እንዲራመዱ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ኤልያስ ባጎነበሰ ቁጥር መስመሩ ይሰበር ነበር፣ እርሳቸውም ልምምዱን አስቁመው «ጓድ ኤልያስ፣ መሬት ላይ ምን ወድቆብሃል?» ይሉት ነበር።

ላሚሶ ይህን እቤታችን መጥቶ ድምፃቸውን እያስመሰለ ሲተርክ፣ በመጨረሻው ላይ «እርምጃ ከሳትህ እርምጃ ይወሰድብሃል» ብሎ ጨመረና፣ እናቴ መርፌዋን ጥላ «አፍህን ያዝ ልጄ፤ ከግድግዳው ወዲያ ሰው አለ» አለችው። ቀልዱ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ኃላፊው ከሻሸመኔ አንድ ጎበዝ ጊታር ተጫዋች እንዳገኙ፣ ኤልያስ እስከ መስከረሙ የአብዮት በዓል ካልተስተካከለ ቦታውን ለዚያ ሰው እንደሚሰጡ ተናግረው ነበር። ይህን ኤልያስ ለእናቴ ነገራት፣ እናቴም ለአባቴ ነገረችው። በማግሥቱ ይሁን በሳምንቱ ትክክል አላስታውስም፣ ብቻ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ እሑድ ጠዋት፣ አባቴ ካፖርቱን ለብሶ ከተቀመጠበት ወንበር ተነሥቶ፣ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለና፣ በቀጥታ ለኤልያስ «ያን ዕቃ አምጡት እስቲ» አለው።

ኤልያስና ላሚሶ ፔዳሎቹን በጆንያ ጠቅልለው አመጡ። አባቴ አንድ በአንድ አገላብጦ አያቸው፣ መስመሩ ተቋርጦበት አቤት ሊል የመጣ ደንበኛ የሚያናግር ይመስል፣ ምን እንዲሆንላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ኤልያስ ቃላት ሲያጥሩት ላሚሶ ቀደመው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ አንዲት ስልከኛ አንድ ገመድ ነቅላ ስትሰካ አዋሳ ከአዲስ አበባ ይገናኝ የለም? እኛም የምንፈልገው እንደዚያ ነው። ኤልያስ አንዴ ሲረግጥ ሦስቱም ይታዘዙ፤ አንገቱን ሳይሰብር።»

አባቴም «የእኔ ስልኮች ግን አይጨፍሩም» አለ። ከታሸገው በር ወዲህ ከአባቴ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀልድ ይህ ይመስለኛል።

ሥራው ያን ክረምት በሙሉ እሑድ እሑድ ተሠራ። አባቴ በስልክ ቤቱ ጓሮ ሊጣሉ ከተከመሩት አሮጌ ዕቃዎች መካከል፣ አለቃውን አስፈቅዶ፣ ሪሌ የሚባሉትን አመጣ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው እንደ ማግኔት ስበው፣ ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ከአንዱ መስመር አላቅቀው ከሌላው የሚያገናኙ ነገሮች ናቸው። ሳጥኑ የሻይ ቅጠል ከመጣበት ሳንቃ ተሠራ፤ የሚረገጡት ቁልፎች የበር ደወል መጫኛዎች ነበሩ፤ ኃይሉን የሚሰጡት የባትሪ ድንጋዮች ነበሩ፤ የትኛው ፔዳል እንደሚሠራ የሚያመለክቱ ትናንሽ አምፖሎችም በግንባሩ ላይ ተደረደሩለት። ላሚሶ ሚስማር በከሰል እያጋለ ሳንቃውን ይበሳ ነበር፣ ኤልያስ ሽቦ ይልጥ ነበር፣ እናቴ ገመዶቹ እንዳይተባተቡ በየቀለማቸው በክር ትጠቀልላቸው ነበር። እኔ የተበየደው ነጥብ እስኪደርቅ ሽቦውን ሳላንቀሳቅስ እንድይዝ ታዝዤ፣ ጢሱ ዓይኔን ሲለበልበኝ እንኳ ሳላርገበግብ እይዝ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው ቀን የጊታሩ ድምፅ ማጉያ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ላሚሶ ራሱን በጆንያ ሸፍኖ «ጋሼ፣ ማሩን መቼ ነው የምንቆርጠው?» አለ፤ አባቴ ግን ሳይስቅ ጥፋቱ የሽቦው ዓይነት እንደሆነ ነገረን፣ ተራውን የስልክ ሽቦ አውጥቶ በብረት ክር የተሸፈነ የራዲዮ ሽቦ አስገባ፣ ንቡም ጸጥ አለ። በእነዚያ እሑዶች የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሽታና የሚቀልጠው ሙጫ ሽታ ተቀላቅለው ቤቱን ይሞሉት ነበር። አባቴ አንድ ሽቦ ሲበይድ፣ ሳይታወቀው ይመስለኛል፣ በአፍንጫው የጥንት መዝሙር ያዜም ነበር፤ ላሚሶም ሚስማሩን ትቶ ጊታሩን አንሥቶ፣ ገመዱን ሳይሰካ፣ ከዜማው ሥር በቀስታ ይገባ ነበር፣ ኤልያስም ይከተለው ነበር። ማንም ስለዚህ ነገር አይናገርም ነበር። አባቴ ብየዳውን ሲጨርስ ዜማውም ይቆም ነበርና፣ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ የደረቀውን ነጥብ መልሶ ሲያቀልጠው አይቼው እንደሆነ አስባለሁ፤ ግን ይህን እኔ በኋላ ጨምሬው ሊሆን ይችላል።

ሳጥኑ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አለቀ፤ አንድ እንከን ግን ነበረበት። ኤልያስ ቁልፉን ሲረግጥ የብረቱ ምላስ ከአንዱ መስመር ለቅቆ ሌላውን እስኪነካ፣ ዓይን እስኪጨፈን ያህል ጊታሩ ድምፅ አልባ ይሆን ነበር። ይህ ከአባቴ ሙያ የመጣ ስሕተት ነበር። በስልክ ሥራ ሁለት መስመሮች ለቅጽበት እንኳ እንዳይገናኙ፣ የሰው ምሥጢር ወደ ሌላ ሰው ጆሮ እንዳይፈስ፣ አንዱ ፈጽሞ ሳይለቅ ሌላው አይነካም፤ አባቴም ዕድሜውን ሁሉ ሲጠነቀቅ የኖረው ለዚህ ነበርና ጊታሩንም እንደዚያው አድርጎ ጠበቀው። በስልክ ማንም የማያስተውለው ያ ዝምታ በሙዚቃ ውስጥ ጉድጓድ ሆነ። ኤልያስ ፊቱ ሲጠቁር ላሚሶ ትከሻውን መታ አደረገውና «ግድ የለም፤ እዚያች ጉድጓድ ላይ እኔ እቆማለሁ። እግሬ ይበቃታል» አለ።

በመስከረሙ በዓል ሜዳው በሰው ተሞልቶ፣ እናቴና እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆመን፣ ኤልያስ ደረቱን ነፍቶ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አቅንቶ፣ ከሁሉም ጋር እኩል እየተራመደ ሲጫወት አየነው። ወደ ቀኝ ሲራመድ የሚያርፍበት እግር ራሱ ቁልፉን ይረግጥ ነበር፤ ድምፁ ከለስላሳ ወደ ሻካራ ሲሻገር፣ በመካከል በምትከፈተው ጉድጓድ ላይ የላሚሶ ጊታር እንደ ድልድይ ያልፍ ነበር። እኛ ስለምናውቅ እንጂ ሌላ ሰው ቀዳዳ መኖሩን አልሰማም። ጓድ በቀለ በመድረኩ ጥግ ቆመው እግራቸውን ሲያወዛውዙ አየሁ። እናቴ እጄን የያዘችበትን ጥብቀት የተረዳሁት ከለቀቀችኝ በኋላ ነው። አባቴ አልመጣም ነበር፤ ስንመለስ ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀንና፣ ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ሳጥኑ፣ አምፖሎቹ በርተው እንደሆነ ጠየቀ። የሻሸመኔውም ሰው ሳይመጣ ቀረ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ይህን ለመጻፍ ብዕር የማነሣም አይመስለኝም። ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ በሚነፍስባቸው በእነዚያ ጥርት ያሉ ቀናት፣ ሳጥኑ እንደገና ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ጉድጓዷ ትዘጋ ያለው ማን እንደሆነ ባለፉት ዓመታት ኤልያስና እኔ ብዙ ጊዜ ተከራክረንበታል። ኤልያስ ራሱ እንደጠየቀ ይናገራል፤ እናቴ በሕይወት ሳለች አባታችን የጎደለ ሥራ ከእጁ ወጥቶ ማየት ስላልቻለ በራሱ ፈቃድ እንዳደረገው ትናገር ነበር። በእኔ ትዝታ ግን ያን ያለው ላሚሶ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ «ጋሼ፣ ይቺን ነገር አይጨርሷትም እንዴ?» ሲል ድምፁን እሰማዋለሁ። ይህን ትዝታ ግን አላምነውም፤ ከሦስቱ ሁሉ ለእኛ የሚቀለው እሱ ነውና።

የሆነ ሆኖ አባቴ ጉጠቱን አንሥቶ፣ እያንዳንዷን የብረት ምላስ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት በጥንቃቄ ጎበጥ፣ ቀና እያደረገ፣ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ቀድሞ እንዲይዝ አስተካከላቸው፤ በሙያው ዕድሜውን ሙሉ የሸሸውን ነገር ለልጁ ሲል አደረገው። ማታ ላይ ኤልያስ ሲሞክረው ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ላሚሶ ጊታሩን ታቅፎ ሊገባባት የጠበቃት ቦታ ሳትመጣ አለፈች፣ ጣቶቹም ከክሮቹ በላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ከዚያ ሳቀና «አሁንስ መቆሚያም አላስቀሩልኝ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እናቴም ጭምር።

ኅዳር ላይ ወባ እንደ ወትሮው በሠፈሩ ገባ፣ ላሚሶንም ጣለው። አክስቱ ቤት ብርድ ልብስ ተከምሮበት ሲንቀጠቀጥ እናቴ ሾርባ ይዛ ትመላለስ ነበር፤ እሱም «ሦስተኛው ፔዳል በእኔ ውስጥ ገብቷል» እያለ ያስቃት ነበር። ያን ሰሞን ቡድኑ ያለ እርሱ ተለማመደ፣ አንድ ትልቅ ስብሰባ ላይም ያለ እርሱ ተጫወተ፣ ከሙዚቃው ውስጥም ምንም አልጎደለም። ይህን ሁላችን ከመረዳታችን በፊት ጓድ በቀለ ተረዱት። ክፉ ሰው የነበሩ አይመስለኝም፤ ቡድኑ ተወዛዋዥ ያንሰው ነበር፣ የአባላቱ ብዛት ደግሞ የተወሰነ ነበር፣ በአንድ ሳጥንና በአንድ ሰው የሚሸፈን ሥራ ሁለት ሰው የሚይዝበት ምክንያት አልታያቸውም። ላሚሶ ድኖ ሲመለስ፣ አመስግነው፣ ጊታሩን ተረክበው አሰናበቱት። በጥር ስሙ በቀበሌው ከሚሄዱት ወጣቶች ጋር ተጠራ።

ኤልያስ ከቡድኑ እወጣለሁ ብሎ ተነሣ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች፤ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ እሱም እሷን ገፍቶ ማለፍ አልቻለም። ላሚሶ ከመሄዱ በፊት በነበረው እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሊሰናበት መጣ። አባቴ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ጉጠቱን በእጁ ይዞ ነበር የጠበቀው። ላሚሶ እንደ ልማዱ ለመቀለድ አፉን ሊከፍት ሲል አባቴን አይቶ ተወው።

«ላሚሶ» አለው አባቴ፣ «እነዚህን ብረቶች መልሼ ባጎብጣቸውስ? ጉድጓዷ ትመለሳለች። ሁለት ሰው ያስፈልጋል ይባላል።»

ላሚሶ ጎንበስ ብሎ የሳጥኑን ውስጥ ተመለከተ፤ ሽቦዎቹን፣ እናቴ በክር የጠቀለለቻቸውን ቀለሞች፣ እሱ ራሱ በጋለ ሚስማር የበሳቸውን ቀዳዳዎች።

«የእኔ ስም ተጽፏል ጋሼ» አለ። «አሁን ጉድጓድ ቢከፈት የሚገባበት ኤልያስ ብቻ ነው። ይተዉት።»

ከዚያም ክዳኑን ራሱ መልሶ ገጠመው። ጉጠቱን ከአባቴ እጅ ተቀብሎ ከመሣሪያዎቹ መካከል አስቀመጠ፣ ጊታር እንዲሰጡት ጠየቀ፤ የራሱ አልነበረውም። ኤልያስ የእሱን ሰጠው። ላሚሶ ግን በቤቱ ሌላ ጊታር እንደሌለ አይቶ አልተቀበለም፤ «አንተ ዋናውን ያዝ፣ እኔ በአፌ ሁለተኛውን እሆናለሁ» አለው። ኤልያስ ሽቦ ሳይሰካ ያንን የብየዳውን መዝሙር ጀመረ፣ ላሚሶም በጉሮሮው የሁለተኛውን ጊታር ዜማ ከሥሩ ያዘለት። ከዚያ አባቴ ዘመረ። በአፍንጫው ሳይሆን በሙሉ ድምፁ፣ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ እያየ፣ እስከ መጨረሻው ስንኝ ዘመረ፤ እናቴም መስኮቱን ልትዘጋ ተነሥታ፣ መንገድ ላይ ሐሳቧን ለውጣ ተመልሳ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ወጣቶቹን የጫነው ኦራል የጦር መኪና ከቀበሌው ፊት ሲነሣ ሕዝቡ መካከል ነበርሁ። ላሚሶ ከሁሉም በላይ ራሱ ስለሚታይ ከሩቅ እንኳ አልጠፋብኝም። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፤ በውስጡም የእግሩ ልክ የሆነ ቦት ጫማ በጦሩ ውስጥ እንዳልተገኘ፣ እስኪሰፋለት ድረስ በበረባሶው ሰልፍ እንደሚወጣ ጽፎ ነበር። እናቴ ይህን እያስነበበች ትስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ የተበተነው ሠራዊት በእግርም በመኪናም በከተማችን ሲያልፍ፣ ጡረታ የወጣው አባቴ በየቀኑ ካፖርቱን ለብሶ ወደ መኪና ተራ ይወርድ ነበር፣ ከሚያልፉት ሰዎች ፊት ይልቅ እግራቸውን ይመለከት ነበር። ስለ ላሚሶ ሞት የነገረን ማንም የለም፤ ስለ ሕይወቱም የነገረን የለም። አክስቱ እስክታርፍ ድረስ ቤቱን ሳትለውጥ እዚያው ኖረች።

ኤልያስ በኪነት ቡድኑ እስከ መጨረሻው ቆየ፤ ከቤት አልወጣም፣ ግንባር አልሄደም፤ ቤቱ የፈለገውን አገኘ። ቡድኑ ሲበተን ጊታሩን አስቀመጠ፣ እንጨት ሥራ ተማረ፣ ቤተሰብ መሠረተ። እኔ ለትምህርት ሄጄ፣ ብዙ አገር አይቼ፣ በእርጅናዬ ወደዚህች ከተማ ተመለስሁ። አባቴና እናቴ ጎን ለጎን አርፈዋል። የታሸገው ጸሎት ቤት ከተከፈተ ቆየ፤ ዛሬ በሰፊ አዳራሽ፣ ግድግዳውን በሚያናውጡ ድምፅ ማጉያዎች፣ ማንንም ሳይፈሩ ይዘመርበታል። እሑድ ጠዋት የሚሄድበት ያጣ ሰው በሠፈራችን ያለ አይመስለኝም።

ከጥቂት ወራት በፊት ከኤልያስ ጋር ከጉባኤው በኋላ ቆይተን፣ ጊታር የሚጫወተው ወጣት ዕቃውን ሲሰበስብ አየን። ከእግሩ ሥር እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ የሆነች መሣሪያ ነበረች፤ በአንድ ርግጫ የፈለገውን ድምፅ ሁሉ ትቀያይርለታለች፤ ወጣቱም ሽማግሌ ሲጠይቀው ደስ ብሎት አንድ በአንድ አሳየን። ኤልያስ አጎንብሶ፣ የአናጢ ጣቱን በቁልፎቹ ላይ እያሳለፈ፣ በእውነት አደነቀ። ከዚያ «አጠገብህ የሚጫወተው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ኧረ ጋሼ፣ በዚህች ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም» አለ ወጣቱ በትሕትና። «ሁሉንም እኔው እችለዋለሁ።»

ኤልያስ «ጥሩ ነው፤ ተባረክ» አለው፣ ወጣን፣ እስከ ቤቱም ድረስ ስለ ሌላ ነገር አወራን። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከስንት ዓመት በኋላ አሮጌ ጊታር በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ፣ ወጣቱን አስፈቅዶ የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ከጎኑ ተቀመጠ፣ ከዜማው ሥር በቀስታ፣ ሌላው ሰው ሊሰማው በማይችል ድምፅ መጫወት ጀመረ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድም እሑድ አልቀረም። ጣቶቹ ደንድነዋል፣ አልፎ አልፎም ይስታል፤ ለሙዚቃው የሚጨምረው ነገር አለ ብዬ በእውነት ልናገር አልችልም፣ የሰማሁት የሚመስለኝም ልሰማው ስለምፈልግ ይሆናል። ያን ዘመን አልናፍቀውም፤ የሚናፍቀኝ ሦስት ሰዎች ሠርተው የሚስቁበት፣ አራተኛዋ ክር የምታጠነጥንበት አንድ ክፍል ብቻ ነው። ደግሞም ያኔ አያስፈልግም የተባለ ሰው ተነሥቶ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ማንም ያልጠራው አንድ ሽማግሌ በወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያስነሣውም የለም።